ለሳሎን የተላከ ሽማግሌ

ሙታሌ ቅዳሜ ጠዋት ከመኝታ ቤቷ ስትወጣ፣ አክስቷ ማዮ ካሉባ ሳሎን ውስጥ ተንበርክከው የሶፋውን ላስቲክ በቢላ ሲቀድዱ አገኘቻቸው። ሶፋው ከተገዛ ጀምሮ ያ ላስቲክ ወልቆ አያውቅም። የተቀመጠበት እንግዳ ሲነሳ እንደ ፕላስተር እየተላጠ ይነሳል እንጂ፣ ጨርቁን በእጁ የዳሰሰ ሰው አልነበረም። ሳሎኑም ራሱ የማዮ ካሉባ ባለቤት ከሞቱ ወዲህ ተቆልፎ የኖረ ነው። ሁለቱ ሴቶች በጓሮ በር ይገባሉ፣ ወጥ ቤት ይቀመጣሉ፣ ወጥ ቤት ይበላሉ። ለዚህም ነው ሙታሌ ሰኞ ዕለት ድፍረቷን አሰባስባ "ማዮ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሰዎች ይመጡብኛል፤ ሳሎኑን ይፈቅዱልኛል?" ስትል እምቢታውን አስቀድማ የዋጠችው። ማዮ ካሉባ እጃቸውን ከማጠቢያው ሳያወጡ "ምን ዓይነት ሰዎች?" ብለው ጠየቁ። "ጨዋ ሰዎች ናቸው። አንድ ትልቅ ሰው አሉበት፤ ባ ጄሬ ይባላሉ።" አክስቷ "እንግዲህ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው" ብለው አንገታቸውን ነቀነቁ። ሙታሌ ከደስታዋ ብዛት የምን ጊዜ ብላ አልጠየቀችም።

የሚመጡት ዌብሳይት መሥራት የሚወዱ የኪትዌ ልጆች ናቸው። ልጆች ይባሉ እንጂ እንደ ባ ጄሬ ያለ የማዕድን ድርጅት ጡረተኛም፣ እንደ ብራይተን ያለ ስልክ ጠጋኝም አለበት። ሙታሌ ማኅበሩን የጀመረችው ሥራውን ከስልኳ ላይ ለብቻዋ ስትማር ኮዱ ውስጥ የቀረ አንድ ያልተዘጋ ቅንፍ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስላስለቀሳት ነው። አጠገቧ የሚጠየቅ ሰው ቢኖር ሻይ ሳይፈላ የሚያልቅ ጉዳይ ነበር። በዚህ ከተማ ከእንግዲህ ማንም በቅንፍ ብቻውን እንዳያለቅስ ብላ ሰው ማሰባሰብ ጀመረች። ሰው ተሰበሰበ፤ ቦታ ግን ጠፋ። መጀመሪያ የአንድ ኮሌጅ ክፍል ተፈቅዶላቸው ነበር፤ ቁልፍ ያዡ ሲቀየር ፈቃዱም አብሮ ተቀየረ። ቀጥሎ አንዲት ምግብ ቤት ጓዳ ገቡ፤ እያንዳንዳቸው በአሥራ አምስት ክዋቻ ሻይ እየገዙ ጠዋቱን ሙሉ ወንበር መያዛቸው ባለቤቷን አስመረራት። ከዚያ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ አገኙ፤ መዘምራኑ ልምምዳቸውን ወደ ቅዳሜ ሲያዛውሩ ከከበሮው መሃል ማንም ማንንም መስማት አቃተው። በዚህ ላይ መብራቱ አለ፤ ከሚበራበት የሚጠፋበት ይበልጣል። ባለፈው ሳምንት ብራይተን በስልክ ቡድናቸው ላይ "ቅዳሜ ቦታ ካልተገኘ ነገሩን ትተን በየቤታችን ብንማር አይሻልም?" ብሎ ጻፈ፤ ግማሹ ሰው አውራ ጣት አደረገበት። ሙታሌ እነዚያን አውራ ጣቶች እያየች ነው ያደረችው። ዛሬ ካልሆነ ማኅበር የሚባል ነገር አይኖርም። የማዮ ካሉባ ጣሪያ ላይ ደግሞ ባለቤታቸው በጡረታ ገንዘባቸው ያስተከሉት ሶላር አለ፤ የቺምዌምዌ ሠፈር ሁሉ ሲጨልም የዚያ ቤት ማቀዝቀዣ ብቻ ያጉረመርማል።

ስለዚህ የላስቲኩን መቀደድ እንደ በጎ ምልክት ቆጠረችው። ወጥ ቤት ስትገባ ግን ሁለት የገጠር ዶሮዎች ተገነጣጥለው ድስት ውስጥ ተቀምጠዋል። አንዱ ዶሮ ሁለት መቶ ክዋቻ በገባበት ወር፣ ለፋሲካ ካፔንታ አሣ በቲማቲም የበሉት ማዮ ካሉባ ሁለት ዶሮ አርደዋል።

"ማዮ፣ ለነሱ ሻይ ይበቃቸዋል እኮ።"

"ሻይ? ሻይ አጠጥቼ ልስደዳቸው? ቤቴን በቺምዌምዌ ላሰድብልሽ?"

"ማለቴ ለሥራ ነው የሚመጡት። ከ..."

"ሽንኩርቱን ክተፊ" አሉ አክስቷ፤ ሽንኩርቱ ተከትፎ ያለቀ ነበር።

ሙታሌ ተጨንቃ ሳታበቃ ከበሩ ላይ ሚኒባስ ቆመ። የወረዱት ያማ የምትላቸው ሁለቱ አጎቶቿ፣ የማዮ ካሉባ ወንድሞች ናቸው። ትልቁ ያማ ንጋንዱ በዚያ ሙቀት ሙሉ ሱፍ ለብሰው ባርኔጣ ደፍተዋል። ትንሹ ያማ ቺሳላ ጃኬቱን ከሰው የተዋሱት መሆኑ እጅጌው ላይ ያስታውቃል፤ ከመኪናው ሲወርዱም መጀመሪያ ያሸተቱት የወጥ ቤቱን ሽታ ነው። ከቺንጎላ እስከ ኪትዌ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ሆኖም ከቀብሩ በኋላ ሁለቱም ይህን ደጃፍ ረግጠውት አያውቁም። ጠብ አልነበረም። መጀመሪያ ዝናቡ ነበር፤ ከዚያ ታሪፉ ጨመረ፤ ከዚያ ደግሞ ለመምጣት ምክንያት የሚያስፈልግበት ደረጃ ተደረሰ። ማዮ ካሉባ አዲሱን የቺቴንጌ ሽርጥ በወገባቸው ላይ እያጠበቁ ወጡና በጉልበታቸው ዝቅ ብለው እጃቸውን እያጨበጨቡ ተቀበሏቸው። ሦስቱ ወንድምና እህት ሳሎን ገብተው ተቀመጡ። መንገዱ ደህና እንደነበር ተነገረ። ስለ በቆሎው ተወራ። ከዚያ ያማ ንጋንዱ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሟቹን ፎቶ ቀና ብለው አይተው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ከወጥ ቤት ድስቱ ሲንተከተክ ብቻ ይሰማል።

ሙታሌ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያውን ይዛ ብቅ ስትል ማዮ ካሉባ ብድግ ብለው ክንዷን ያዙና ወደ መኝታ ቤት አስገቧት።

"እዚህ ትቀመጫለሽ። ድምፅሽ እንዳይሰማ። ሽማግሌው እስኪሄድ እግርሽ እንዳይወጣ።"

"የምን ሽማግሌ?"

"የምን ሽማግሌ ትይኛለሽ? ያማዎችሽን ለጉብኝት የጠራኋቸው ይመስልሻል?"

ያኔ ነው ሁሉም ነገር የገባት፤ ላስቲኩ፣ ዶሮው፣ ሱፉ፣ "ጊዜው ደርሷል" ያሉት። ሠላሳ ዓመት የሞላት፣ ላጤ የሆነች ሴት ለአክስቷ "ቅዳሜ ሰዎች ይመጣሉ፣ ትልቅ ሰው አሉበት" ብላ መናገሯ! ከዚህ የበለጠ በምን ቋንቋ ይነገራል? ልጅ እናትና አባቷን አፍራ ለአክስቷ የምታንሾካሹከው ይኸው ነው፤ የቀረው የሽማግሌው ነው።

"ማዮ፣ ተሳስተዋል፤ እነዚህ ሰዎች እኮ..."

"ዛሬ ሴት ልጅ አትናገርም" አሉ ማዮ ካሉባ፤ በሩንም ዘጉት።

ሙታሌ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ወጥታ ልትናገር ትችላለች። ግን ያማ ንጋንዱ ያን ሱፍ ለብሰው፣ ያን ሁሉ መንገድ መጥተው "ለኮምፒውተር ነው" ቢባሉ አክስቷ በወንድሞቻቸው ፊት ምን ይሆናሉ? ባትናገር ደግሞ ማኅበሩ በራሱ ስብሰባ ላይ ሊዳር ነው። ለባ ጄሬ ስልክ ደወለች፤ ዝግ ነው። ባ ጄሬ ባትሪ ለመቆጠብ ስልካቸውን አጥፍተው የሚሄዱ፣ ከዚያም ማንም አይደውልልኝም ብለው የሚያዝኑ ሰው ናቸው። ለብራይተን "እንዳትገቡ" ብላ ጻፈች። መልእክቱ ሄድኩ ሄድኩ እያለ ቀረ፤ መብራት ሲጠፋ የሠፈሩ ኔትወርክም አብሮ ይጠፋል። በሩን በጣት ስፋት ከፍታ ዓይኗን አስጠጋች።

ባ ጄሬ ቀድመው ደረሱ። በማዕድን ድርጅቱ የኮምፒውተር ክፍል ይሠሩ ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ ያልተለዩትን ቡናማ ጃኬት ለብሰዋል። በእጃቸው ሁለት ነጭ ሰሃን፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደፍቶ፣ በነጭ ጨርቅ ታስሮ ይዘዋል። ሙታሌ ይህን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሴት ልጅ ለመጠየቅ የሚላክ ሽማግሌ የሚይዘው እንዲህ ያለ ሰሃን ነው፤ ውስጡ ጥቂት ገንዘብ ይቀመጣል። ቤተሰቡ ከፍቶ ያለበትን ከወሰደ ጥያቄውን ሊሰማ ፈቅዷል ማለት ነው፤ ከዚያ ወደ ኋላ የለም። ባ ጄሬ ይህን አላሰቡም። ሚስታቸው ልጆቹ ይራባሉ ብለው በዘይት የጠበሱትን ክብ ጣፋጭ ሊጥ፣ ቪቱምቡዋ፣ እንዳይቀዘቅዝ ሸፍነው ነው የላኩት። ይባስ ብሎ ባ ጄሬ ጎሣቸው ንጎኒ ነው፤ የዚህ ቤት ሰዎች ቤምባ። ንጎኒና ቤምባ ደግሞ በጥንቱ ጦርነት ምክንያት ቀልደኛ ዘመዳሞች ናቸው፤ ቀብር ላይ እንኳ ተሰዳድበው አይቀያየሙም። ስለዚህ ባ ጄሬ ደጃፉ ላይ የሱፍ ለባሾቹን የቤምባ ፊት ሲያዩ ደስ ብሏቸው፣ ለቀልድ ብለው ድፍት ብለው ተንበረከኩና እጃቸውን አጨበጨቡ።

"የቤምባ ጌቶቼ፣ አሽከራችሁ መጥቷል!"

ሽማግሌም እንዲህ ነው የሚገባው።

"ግባ፣ አንተ አይጥ በሊታ" አሉ ያማ ንጋንዱ፣ ፊታቸውን ሳይፈቱ። "ምንጣፉ ላይ ተቀመጥ። ንጎኒ ከወንበር ይወድቃል።"

"ጦጣ በሊታ ቤት ወንበር መኖሩም ይገርማል" አሉ ባ ጄሬ፤ ምንጣፉም ላይ ተቀመጡ። ሰሃኖቹን በሁለት እጃቸው ወደፊት ገፉ። "ትንሽ ነገር ናት፤ ባለቤቴ ልካት ነው።"

ያማ ንጋንዱ ለወንድማቸው በአገጫቸው ምልክት ሰጡ። ያማ ቺሳላ ጨርቁን ፈቱ፤ የላይኛውን ሰሃን አነሱ።

"ምን ያህል አለበት?"

"ቪቱምቡዋ ነው።"

"ከቪቱምቡዋው ሌላ?"

ያማ ቺሳላ አንዱን አንስተው ሥሩን አዩ፤ ሌላውንም አነሱ። "ትኩስ ነው" አሉ፤ ጠዋት ቁርስ ያልቀመሱ ሰው ናቸውና ለማረጋገጥ በሚመስል ሁኔታ አንዷን ወደ አፋቸው ላኳት።

በዚህ መሃል ብራይተንና ሌሎቹ ደረሱ። ቦርሳ ያዘለ፣ ወንበር ከጎረቤት የተዋሰ፣ የተጠቀለለ ገመድ በትከሻው ያንጠለጠለ፣ ሁሉም በሩ ላይ ጫማውን እያወለቀ ተደረደረ። ከመቼውም ጊዜ የበለጠ ሰው ነው የመጣው። ያማ ንጋንዱ አንድ በአንድ ከእግር እስከ ራስ መረመሯቸው።

"ከእነዚህ ውስጥ ልጁ የትኛው ነው?"

"የምን ልጅ?" አሉ ባ ጄሬ።

ባ ጄሬ ሦስት ሴት ልጅ የዳሩ ሰው ናቸው። ምንጣፉን አዩ፣ ሱፉን አዩ፣ የዶሮውን ሽታ ሳቡ፣ ሙታሌ አለመኖሯን አስተዋሉ፤ ዓይናቸው ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው መሬት መሬት የሚያዩት ማዮ ካሉባ ላይ ሲያርፍ ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ። ሙታሌ ከዚህ በላይ ማየት አልቻለችም። በሩን ከፈተች፤ ሴት ልጅ በማትወጣበት ቀን ወጣች፤ ያማ ንጋንዱ እግር ሥር ተንበረከከች።

"ያማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ የማዮ አይደለም። ሽማግሌ አይደሉም። ዌብሳይት የምንሠራ ሰዎች ነን፤ የምንሰበሰብበት ቦታ አጥተን ነው። እኔ አጥርቼ አልነገርኳቸውም።"

"ባል የለም?"

"የለም፣ ያማ።"

"ፈላጊም?"

"እሱም።"

ያማ ንጋንዱ ባርኔጣቸውን አነሱ። "ከቺንጎላ ድረስ" አሉ፤ ለማንም አይደለም፤ "በዚህ ሱፍ።" ከበሩ ላይ ብራይተን ገመዱን ቀስ ብሎ መልሶ መጠቅለል ጀመረ፤ ከኋላው የነበረችው ልጅ ጫማዋን ፈለገች። ሙታሌ አላየቻቸውም፤ ግን የሚወጣ ሰው እግር ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው ካለፉት ሦስት ቦታዎች ታውቀዋለች።

"ቆይ እንጂ፣ የቤምባ አለቃ" አሉ ባ ጄሬ ከምንጣፉ ሳይነሱ። "ወዴት ነው? ሰሃኔን ከፍታችሁ በልታችሁ?"

ሁሉም ወደ ያማ ቺሳላ ዞረ። የያማ ቺሳላ መንጋጋ ቆመ።

"አውጣው" አሉ ያማ ንጋንዱ።

ያማ ቺሳላ ዋጡ። "ወርዷል" አሉ።

"እንግዲህ በእናንተው ወግ ጥያቄዬን ልትሰሙ ፈቅዳችኋል። ወይስ ቤምባ የንጎኒን በልቶ ይሮጣል ብዬ አገር ለአገር ላውራው?"

ያማ ንጋንዱ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ባርኔጣው ወደ ጉልበታቸው ተመለሰ። "ተናገር። ማንን ነው የምትጠይቀው?"

"ይህቺን ሳሎን" አሉ ባ ጄሬ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ድምፃቸውን እንደ እውነተኛ ሽማግሌ ዝቅ አደረጉ። "ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከጠዋት እስከ ምሳ። ከሩቅ ነው ወሬዋን የሰማነው። ጨዋ ናት አሉን። ከቤት ወጥታ አታውቅም። ሰውም አይቷት አያውቅም። ልብሷ እንኳ እስከ ዛሬ ጠዋት በላስቲክ ተሸፍኖ ነው የኖረው።"

ከወጥ ቤቱ በር አንድ ድምፅ ተሰማ። ማዮ ካሉባ በቺቴንጌያቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሙታሌ መጀመሪያ የሚያለቅሱ መስሏት ልትነሳ ነበር። ያማ ንጋንዱም እህታቸውን አዩ፤ ረዘም አድርገው አዩዋቸው። ሲስቁ ካዩዋቸው ብዙ ጊዜ እንደሆናቸው ያኔ ያስታወሱ መሰሉ።

"ልጅቱ ያንቺ ናት" አሏቸው። "ትሰጫለሽ?"

ማዮ ካሉባ አፋቸውን ጠረጉ። "እኔ ብቻዬን ምን ሥልጣን አለኝ? ወንድሞቼ ካሉበት እሰጣለሁ።"

"እንግዲያው ስማ፣ አይጥ በሊታ። መጀመሪያ ቅጣት አለብህ። በቪቱምቡዋ ደፍረኸናል። አንድ ፍየል።"

"ፍየል! ለአራት ግድግዳ?"

"ሰውም አይቷት አያውቅም ያልከው ራስህ ነህ።"

"ዶሮ አድርገው።"

"ፍየል ብያለሁ። ነጭ። በመጪው ቅዳሜ ታመጣለህ፤ እኔም ቆሜ እረከባለሁ። ባይኖርህ በሚቀጥለውም ቅዳሜ እመጣለሁ፤ እስክትከፍል ድረስ። ቤምባ አይረሳም።"

"ለሳንቲም ነው የማይረሳው" አሉ ባ ጄሬ፤ ያማ ቺሳላም የመጀመሪያዋ ቪቱምቡዋ ከተፈረደባት ወዲህ ሁለተኛዋን መከልከል ትርጉም የለውም ብለው እጃቸውን ወደ ሰሃኑ ሰደዱ።

ገመዱ እንደገና ተዘረጋ። ሶፋው ሦስት ሰው ይይዛል ተብሎ የተሠራ ነው፤ አምስት ተቀመጡበት፤ የቀሩት ምንጣፉ ላይ ጉልበት ለጉልበት ተጠጋጉ። ሙታሌ መሃላቸው ቆማ ልታስተምር ያዘጋጀችው ነገር ነበራት፤ ግን ገና ሳትጀምር አንዲት የነርስነት ተማሪ ለክሊኒክ የሠራችው ገጽ ባዶውን ነጭ ሆኖ አልታይ አለና ሰው ሁሉ በአንዲት ላፕቶፕ ላይ ተደፋ። አንዱ ከላይ ይነካል፣ አንዱ ከታች፣ ባ ጄሬ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን ይፈልጋሉ። ያማ ንጋንዱ ከሩቅ ሆነው ሲያዩ ቆዩና ወንበራቸውን አስጠጉ፤ ከዚያ ተነስተው ከኋላ ቆሙ።

"ምንድን ነው የጠፋው?"

"ገና አላወቅነውም፣ ያማ።"

"ታዲያ ሁላችሁም የማታውቁትን ነው የምትፈልጉት?" አሉ፤ እሳቸውም አንገታቸውን አስግገው መፈለግ ጀመሩ። ገጹ ድንገት በሰማያዊና በነጭ ተሞልቶ ሲመጣ ሳሎኑ ጮኸ፤ ያማ ንጋንዱም ለምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረው ጮኹ፤ ከዚያ አፍረው ክራቫታቸውን አስተካከሉ። ብራይተን በጉልበቱ ላይ ስልኩን ይዞ ለቡድኑ "ቦታ ተገኝቷል፤ ባለ ሶላር" ብሎ ሲጽፍ ሙታሌ በትከሻው በኩል አየችው። መልእክቱ ኔትወርክ እስኪመጣ ይቆያል፤ ይቆይ፤ እሷ አንብባዋለች።

ሁለቱ ዶሮ ለዚያ ሁሉ ሰው እንዲደርስ ማዮ ካሉባ ወጡን በውኃ አበዙት፤ የንሺማውን ገንፎ ደግሞ ከትልቁ ድስት ቆልለው ቆልለው አወጡት። ሲበላ ማንም ለማን እንደታረደ አላነሳም። ያማ ቺሳላ ብቻ የዶሮውን እግር እየጋጡ "ኮምፒውተር ጥሩ ነገር ነው" አሉ።

ምሳው ሲያልቅ ሙታሌ ሰሃኖቹን ሰብስባ ወጥ ቤት ገባች። ማዮ ካሉባ የድስቱን ቂጥ ይፍቃሉ። ጎን ለጎን ቆመው ጥቂት አጠቡ። ሙታሌ ቃሉን ስታገላብጥ ቆይታ፣

"ይቅር ይበሉኝ፣ ማዮ" አለች። "በወንድሞችዎ ፊት አዋረድኩዎት። መጀመሪያውኑ አጥርቼ መንገር ነበረብኝ።"

"ነግረሽኛል" አሉ ማዮ ካሉባ።

"መቼ?"

"ሐሙስ ዕለት ከጓሮ ቆመሽ በስልክ ስትጮሂ። ስንት መሰኪያ አለው፣ ባትሪው ስንት ላፕቶፕ ይችላል፣ ገመድ ማን ያመጣል... ሚስት ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ገመድ ይዞ ይመጣል? አርጅቻለሁ እንጂ ጅል አይደለሁም።"

ሙታሌ እጇ ላይ ያለው ሰሃን ውኃው ተንጠባጥቦ እስኪያልቅ ቆመች። "ያማዎቹን የጠሩት ግን..."

"ማክሰኞ ነው የጠራኋቸው።"

"ታዲያ ሐሙስ ሲያውቁ አትምጡ አይሏቸውም ነበር?"

ማዮ ካሉባ መፋቂያውን አስቀመጡ። ከሳሎን የያማ ንጋንዱ ድምፅ ይመጣል፤ ነጭ ፍየል ማለት አንድም ጥቁር ነጥብ የሌለበት እንደሆነ ለባ ጄሬ ያስረዳሉ፤ ባ ጄሬ ቤምባ ቀለም መለየት ከመቼ ወዲህ ነው ይላሉ፤ ልጆቹ ይስቃሉ።

"ለኮምፒውተር ነው ብዬ ብጠራቸው ይመጡልኝ ነበር?" አሉ።

አክስቷ መልስ ሳይጠብቁ ድስቱን ዘቅዝቀው መደርደሪያው ላይ ደፉት፣ እጃቸውን አደረቁ፣ የሳሎኑን ጫጫታ ትንሽ አዳመጡ። ከዚያ ወደ እሷ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ያንን ንጎኒሽን ንገሪው፤ ፍየሏን ቶሎ እንዳይከፍል።"